ኒዛሙል ሙልክ፦ ለዕውቀት ቋሚ መተዳደሪያ የቆረጡት ወዚር

በ459 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1067) የዙልቃዕዳ ወር በ10ኛው ቀን የባግዳድ ዑለማኦች፣ ሹማምንትና ተማሪዎች ከጤግሮስ ወንዝ በስተ ምሥራቅ በተሠራ አዲስ መድረሳ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ግንባታው ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የመምህሩ መቀመጫ ተዘጋጅቷል፤ ሕዝቡም ግቢውን ሞልቶ ይጠባበቃል። መምህሩ ግን አልመጡም።

የተሾሙት ሸይኽ አቡ ኢስሐቅ አል-ሺራዚ በዘመናቸው በሻፊዒይ ፊቅህ አቻ ያልነበራቸው፣ በድህነታቸውና በጥንቁቅነታቸውም የታወቁ ዐሊም ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ወደ መድረሳው በማምራት ላይ ሳሉ አንድ ወጣት መንገድ ላይ ያገኛቸውና ከባለቤቶቹ ያለ አግባብ በተወሰደ ቦታ ላይ እንዴት ሊያስተምሩ እንደሚችሉ ይጠይቃቸዋል። ሸይኹ ከዚያው ተመልሰው ተሰወሩ። ሹማምንቱ ፈልገው ባጧቸው ጊዜ ሌላው የከተማዋ ዐሊም ኢብኑ አስ-ሰባግ በወንበሩ እንዲቀመጡ ተደረገ። ሃያ ቀን አስተማሩ። በመጨረሻ ሸይኽ አቡ ኢስሐቅ በወዚሩ ግፊትና በገዛ ተማሪዎቻቸው ውትወታ ሹመቱን ተቀበሉ፤ ሆኖም የሶላት ወቅት ሲደርስ ከመድረሳው ወጥተው በሌላ መስጂድ ይሰግዱ እንደነበር ይነገራል።

መድረሳውን ያሠሩት ሰው የሰልጁቅ ሱልጣኖች ታላቁ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ነበሩ። በዚያ ቀን በባዶው ወንበር ፊት የተነሣው ጥያቄ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ ተከትሏቸዋል። ዕውቀት ያለ ገንዘብ አይስፋፋም፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል? ሰጪውስ በምላሹ ምን ይጠይቃል?

ከራድካን እስከ ወዚርነት

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑ ዐሊ አል-ጡሲ በ408 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1018) በኹራሳን ምድር፣ በጡስ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ራድካን ተወለዱ። አባታቸው በገዝነዊያን መንግሥት ሥር የግብር ሹም ነበሩ። እናታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ወደ አኼራ በመሄዳቸው አባትየው ልጃቸውን ይዘው ከአንዷ አጥቢ ሴት ወደ ሌላዋ ይዞሩ እንደነበር ይተረካል። ልጁ ቁርኣንን ተማሩ፤ ቀጥሎም የሻፊዒይ ፊቅህንና ሐዲስን ቀሰሙ። የአባታቸውን ሙያ ተከትለው የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራንም ለመዱ። ሐዲስ የማድመጥና የማስተላለፍ ፍቅራቸው ወዚር ከሆኑ በኋላም አልተለያቸውም።

በ431 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1040) በዳንዳናቃን በተደረገው ጦርነት ሰልጁቆች ገዝነዊያንን ድል ነሥተው ኹራሳንን ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጣቱ ጸሐፊ በባልኽ ለሰልጁቆች ማገልገል ጀመሩ፤ ከዚያም ወደ ልዑል አልፕ አርስላን ተጠጉ። በ455 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1063) ሱልጣን ጡግሪል በክ ሲሞቱና አልፕ አርስላን ዙፋኑን ሲወርሱ፣ የቀድሞው ወዚር ዐሚዱል ሙልክ አል-ኩንዱሪ ከሥልጣን ተወግደው ቦታቸውን ሐሰን ያዙ። የመንግሥት ሥርዓት የሚል ትርጉም ያለውን ኒዛሙል ሙልክ የሚለውን ማዕረግም በዚህ መንገድ አገኙ።

አል-ኩንዱሪ በቀጣዩ ዓመት ተገደሉ። በዚህ ግድያ የአዲሱ ወዚር እጅ እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሟቹም ከመገደላቸው በፊት ወዚርን የመግደል ክፉ ልማድ እንዳስተማሩና ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ራሱ እንደሚወድቅበት ለኒዛሙል ሙልክ መልእክት እንደላኩባቸው ይነገራል። ታሪኩ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የተፈጸመው ነገር ብዙዎችን ይህንኑ መልእክት አስታውሷቸዋል።

የተሰደዱት ዑለማኦች ተመለሱ

ኒዛሙል ሙልክ ወዚርነቱን ሲረከቡ የኹራሳን ዑለማኦች ተከፋፍለው ነበር። በአል-ኩንዱሪ ዘመን የአሽዐሪይ ዐሊሞች ከሚንበር ላይ ይረገሙ፣ ከማስተማርም ይከለከሉ ነበር። ከአገር ከወጡት መካከል አቡል መዓሊ አል-ጁወይኒ ይገኙበታል። እኚህ ዐሊም በመካና በመዲና አራት ዓመት ያህል በማስተማራቸው የሁለቱ ሐረሞች ኢማም፣ ማለትም ኢማሙል ሐረመይን፣ ተብለው ተጠሩ።

አዲሱ ወዚር እርግማኑን አስቀሩ፤ ስደተኞቹንም መለሱ። ለአል-ጁወይኒ በኒሻፑር መድረሳ አሠሩላቸው። ኢማሙ በ478 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1085) እስኪሞቱ ድረስ በዚያ አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ እንደ ወዚሩ ሁሉ የጡስ ተወላጅ የሆኑት አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ ነበሩ።

መድረሳ የኒዛሙል ሙልክ ፈጠራ አይደለም። ኒሻፑር ከእሳቸው በፊትም መድረሳዎች ነበሯት። አዲሱ ነገር ስፋቱና አደረጃጀቱ ነው። ቀደም ሲል የአንድ ዐሊም ሐለቃ በመስጂድ ጥግ ይካሄድ ነበር። መምህሩ በንግድ ወይም በእጅ ሥራ ይተዳደራል፤ ከሩቅ የመጣው ተማሪ ደግሞ ማደሪያና ቀለቡን ራሱ ይፈልጋል። ድሃ ተማሪ ራብ ሲጸናበት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥራ ይመለሳል። ኒዛሙል ሙልክ ለመምህሩ ደመወዝ፣ ለተማሪው ማደሪያና ቀለብ ቆረጡ፤ ይህንንም በአንድ ከተማ ብቻ ሳይሆን በመላው ግዛት አደረጉት። የታሪክ ጸሐፊው ታጁዲን አስ-ሱብኪ በባግዳድ፣ በባልኽ፣ በኒሻፑር፣ በሄራት፣ በኢስፋሃን፣ በበስራ፣ በመርው፣ በአሙልና በሞሱል የተሠሩትን መድረሳዎች ይዘረዝራሉ። ሁሉም በወዚሩ ስም ኒዛሚያ ተባሉ።

የወቅፉ አሠራር

የኒዛሚያዎች ምሰሶ ወቅፍ ነበር። ሀብቱን ወቅፍ ያደረገ ሰው ዋናውን ንብረት ለዘላለም ያስረዋል፤ ንብረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታም አይተላለፍም። ወጪ የሚሆነው ከእርሱ የሚገኘው ገቢ ብቻ ነው። የባግዳዱ ኒዛሚያ የእርሻ መሬት፣ የሐማም ቤትና በደጃፉ የተሠራ ገበያ ተቆርጦለት ነበር። ነጋዴው የሱቁን ኪራይ ሲከፍል ገንዘቡ ለሕንፃው እድሳት፣ ለመምህሩ ደመወዝና ለተማሪው ቀለብ ይውላል። ገበያው እስካለ ድረስ ትምህርቱም አይቋረጥም።

ደመወዝ የሚያገኘው ዋናው መምህር ብቻ አልነበረም። ሙዒድ የሚባለው ረዳት የመምህሩን ትምህርት ለተማሪዎቹ ይደግምላቸውና ያብራራላቸው ነበር። ቁርኣን የሚያስቀራ፣ የዐረብኛ ሰዋስው የሚያስተምር፣ የመጻሕፍት ቤቱን የሚጠብቅ ሰውም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ዋናው ትምህርት ፊቅህ ቢሆንም የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ወንበርም ነበር። በዚህ ወንበር ካስተማሩት መካከል የጥንታዊ የዐረብ ግጥሞች ማብራሪያ በመጻፍ የሚታወቁት አል-ኸጢብ አት-ተብሪዚ ይገኙበታል።

ስጦታው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በወቅፍ ሰነዱ መሠረት መምህሩ፣ ሰባኪውና የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች መሆን አለባቸው። መምህር የመሾምና የመሻር ሥልጣንም በወዚሩና በዘሮቻቸው እጅ ቀረ። በዚህም ምክንያት ወንበሩ መፎካከሪያ ሆነ። በ483 ዓመተ ሒጅራ ሁለት ዐሊሞች በየበኩላቸው ለአንዱ ወንበር የተጻፈ የሹመት ደብዳቤ ይዘው ባግዳድ ደረሱ፤ መፍትሔ ሲጠፋ አንዱ በአንዱ ቀን፣ ሌላው በማግሥቱ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ባለ ሀብት ሹማምንትም እርስ በርስ ይሽቀዳደሙ ነበር። የባግዳዱ ኒዛሚያ በተከፈተበት በዚያው ዓመት የሱልጣኑ የሒሳብ ሹም በኢማም አቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ ለሐነፊያዎች ሌላ መድረሳ ከፍተዋል።

ሦስት ትችቶች

የመጀመሪያው ትችት ከጎዳና መጣ። በ469 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1077) የአሽዐሪይ ሰባኪው የአል-ቁሸይሪ ልጅ በኒዛሚያ ያደረጉት ስብከት ከሐንበሊያዎች ጋር ግጭት አስነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። ወዚሩ ሰባኪውን ከባግዳድ ለማንሣት ተገደዱ። የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ የተቆረጠ ገንዘብ ዕውቀትን ያስፋፋው ያህል ፉክክርንም ሊያባብስ እንደሚችል በዚያ ታየ።

ሁለተኛው ትችት ከራሳቸው ከዑለማኦቹ የመጣ ነው። ሓጂ ኸሊፋ በታዋቂው የመጻሕፍት መዝገባቸው እንደሚተርኩት፣ የማወራ አን-ነህር ዐሊሞች በባግዳድ መድረሳ መሠራቱንና ለመምህራን ደመወዝ መቆረጡን በሰሙ ጊዜ ሐዘን ተቀመጡ፤ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ለዕውቀት አለቀሱለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕውቀትን የሚሹት ነፍሳቸው የላቀችና በዕውቀቱ ምሉዕነትን የፈለጉ ሰዎች ነበሩ፤ ከእንግዲህ ግን ደመወዝ ፈላጊዎችና ሰነፎች ይመጡበታል ብለው ሠጉ።

ሦስተኛው ከዙፋኑ መጣ። አልፕ አርስላን በ465 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1072) ሲገደሉ ወጣቱ ልጃቸው መሊክ ሻህ ሱልጣን ሆኑ፤ የመንግሥቱ ሥራም በኒዛሙል ሙልክ ትከሻ ላይ ወደቀ። አት-ቱርቱሺ ሲራጁል ሙሉክ በተባለው መጽሐፋቸው እንደሚያወሱት፣ ወዚሩ በየዓመቱ 600,000 ዲናር ለዑለማኦች፣ ለተማሪዎችና ለዛሂዶች ያወጡ ነበር። ምቀኞቻቸው ይህ ገንዘብ ቁስጥንጥንያን የሚያስደነግጥ ጦር ሊያሰናዳ እንደሚችል ለሱልጣኑ ነገሯቸው። ሱልጣኑም ወዚሩን ጠርተው ጠየቁ። ኒዛሙል ሙልክ የሰጡት ምላሽ በሱልጣኑ ጦር ላይ ሌላ ጦር እንዳሰለፉላቸው የሚገልጽ ነበር፦ የሱልጣኑ ወታደሮች ሌሊት ሲተኙ የዕውቀት ሰዎች ነቅተው በሶላትና በዱዓእ ይቆማሉ፤ የወታደር ቀስት ጥቂት ክንድ ተጉዞ ይወድቃል፣ የእነዚህ ዱዓእ ግን ወደ ሰማይ ይደርሳል። መሊክ ሻህ አልቅሰው ወጪው እንዲቀጥል እንደፈቀዱ ተራኪው ይናገራል።

በአንድ ሱልጣን ዕድሜ የተለካ ምርምር

የዚያ ዘመን ድጋፍ በሃይማኖት ትምህርት ብቻ አልተወሰነም። በ467 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1074) ሱልጣን መሊክ ሻህና ኒዛሙል ሙልክ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ሰበሰቡ። ከእነርሱ መካከል የኒሻፑሩ ዑመር ኸያም፣ አቡል ሙዘፈር አል-ኢስፊዛሪና መይሙን አል-ዋሲጢ ነበሩ። በኢስፋሃን የከዋክብት መመልከቻ ተቋቋመ፤ የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሲር እንደመዘገቡትም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ዋና ፍሬ በሱልጣኑ ማዕረግ ጀላሊ የተባለው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ471 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1079) ሥራ ላይ የዋለው ይህ አቆጣጠር የዓመቱን መጀመሪያ የፀደይ ወቅት ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉበት ዕለት ጋር አሰረው። ዛሬ በኢራን የሚሠራበት የፀሐይ አቆጣጠር ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል።

ሆኖም በመድረሳውና በመመልከቻው መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ነበር። መድረሳው የራሱ ገበያና መሬት ነበረው፤ መመልከቻው ግን የሚተዳደረው ከሱልጣኑ ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ነበር። የሥነ ፈለክ ምርምር ትዕግሥት ይጠይቃል። ዙሐል የተባለችው ፕላኔት ብቻዋን አንድ ዙር ለመፈጸም 30 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባት የፕላኔቶችን ጉዞ በሙሉ ለመመዝገብ የሚሻ ሊቅ ከዚህ ያነሰ ጊዜ አይበቃውም። የኢስፋሃኑ መመልከቻ ያገኘው 18 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሱልጣኑ ሲሞቱ ገንዘቡ ቆመ፤ ሥራውም ተቋረጠ። ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎች በየጊዜው ለሚታደስ የምርምር ድጋፍ ሲወዳደሩና ለዘለቄታው የሚያኖራቸውን ቋሚ ሀብት ሲያሰባስቡ በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ይመላለሳሉ።

በረመዳን ሌሊት

የኒዛሙል ሙልክ ሕይወት ነቀፋ አልጠፋበትም። ልጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በየአውራጃው ሾመው ነበር፤ ይህም በመጨረሻ ከመሊክ ሻህ ጋር አቃቃራቸው። የሱልጣኑ ባለቤት ተርከን ኻቱን በአልጋ ወራሽ ምርጫ ተቃወሟቸው፤ ታጁል ሙልክ የተባሉት ሹምም ወንበራቸውን ይመኙ ነበር። በተራራው ምሽግ በአለሙት ደግሞ ሐሰን አስ-ሰባሕ ከ483 ዓመተ ሒጅራ ጀምሮ መሽገዋል። ወዚሩ በሱልጣኑ ትእዛዝ የጻፉት ባለ 50 ምዕራፍ የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ፣ ሲያሰትናማ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ 11 ምዕራፎች የዚህን ዘመን ሥጋት ያንጸባርቃል።

በረመዳን 10 ቀን 485 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1092) የሱልጣኑ ጉዞ ከኢስፋሃን ወደ ባግዳድ ሲያመራ በነሃወንድ አቅራቢያ ሰፈረ። ከኢፍጣር በኋላ አረጋዊው ወዚር በአልጋ ተሸክመዋቸው ወደ ቤተሰባቸው ድንኳን ሲሄዱ፣ ሱፊ መስሎ አቤቱታ ሊያቀርብ የቀረበ ሰው በጩቤ ወጋቸው። ገዳዩ ከአለሙት የተላከ እንደሆነ ይነገራል፤ አንዳንዶች ግን በታጁል ሙልክና በሱልጣኑ በራሳቸው ላይ ጥርጣሬ አንሥተዋል። 35 ቀን ያህል ቆይቶ መሊክ ሻህም በባግዳድ ሞቱ። ታጁል ሙልክን ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የኒዛሙል ሙልክ ተከታዮች ገደሏቸው። ሰፊው ግዛት በወንድማማቾች ጦርነት ተከፋፈለ።

ወንበሩን ትተው የሄዱት ኢማም

ወዚሩ ከመገደላቸው አንድ ዓመት በፊት ለባግዳዱ ኒዛሚያ የሾሙት ሰው ኢማም አል-ገዛሊ ነበሩ። በ30ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበሩት ኢማም በ300 ተማሪዎች ፊት ይቀመጡ ነበር። ዝናውም፣ ክብሩም፣ ደመወዙም ነበራቸው። በ488 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ግን ሁሉንም ትተው ከባግዳድ ወጡ። ኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ በማስተማር ያላቸውን ኒያ ሲመረምሩት ለአላህ ብቻ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ ክብርና ዝና ይገፋፋቸው እንደነበር ተረዱ። በቀጣዩ ዓመት በኸሊል ከተማ፣ በነቢዩ ኢብራሂም ዐለይሂ ሰላም መቃብር ዘንድ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል ቃል ገቡ።

ስለዚህ የማወራ አን-ነህር ዐሊሞች ሥጋት ከንቱ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ገጽታም አለ። ወንበሩ ኢማሙን ተከትሎ አልሄደም። ወንድማቸው አሕመድ ተተክተው አስተማሩ፤ ተማሪዎቹም በየማደሪያቸው ቀሩ። ዐሊሙ እንደ ኅሊናቸው የመሄድ ነፃነት አገኙ፤ ትምህርቱም በአንድ ሰው መሄድ አልፈረሰም። ከ11 ዓመት በኋላ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ወዚር ፈኽሩል ሙልክ አጥብቀው ሲለምኗቸው ኢማሙ ለጥቂት ጊዜ በኒሻፑሩ ኒዛሚያ አስተማሩ። በኋላ ወደ ባግዳድ እንዲመለሱ ሲጠሩ ግን እምቢ ብለው በጡስ ቀሩ።

የቆየው ነገር

ኢብኑ ጁበይር በ580 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1184) ባግዳድን ሲጎበኙ በምሥራቃዊው ወገን 30 ያህል መድረሳዎችን አዩ፤ ከሁሉም የላቀው ዝነኛ ኒዛሚያ እንደሆነ መዘገቡ። የሶላሁዲን አል-አዩቢን ታሪክ የጻፉት ቃዲ በሃኡዲን ኢብኑ ሸዳድ በዚያ ሙዒድ ነበሩ። ባለቅኔው ሰዕዲ የሺራዚም በኒዛሚያ ቀለብ ተቆርጦላቸው ከተማሩት አንዱ ናቸው። በ631 ዓመተ ሒጅራ ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር በባግዳድ የከፈቱት መድረሳ ደግሞ አራቱንም መዝሀቦች በአንድ ጣሪያ ሥር አስተናገደ፤ ሕክምናንም ጨመረ። የኒዛሚያ ጥበት በሌላ ሰው ወቅፍ ታረመ ማለት ነው። ሞንጎሎች በ656 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1258) ባግዳድን ካወደሙ በኋላም እንኳ ኢብኑ በጡጣ ኒዛሚያን አይቶ ጽፏል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ሙስሊሞችም ባዕድ አይደለም። ኢማሙል ሐረመይን የጻፉትን ሰፊ የፊቅህ ሥራ ተማሪያቸው አል-ገዛሊ አሳጠሩት፤ ከዚያ በአር-ራፊዒይ በኩል አልፎ የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅ ወጣ። ይህ ኪታብ ዛሬም በኢትዮጵያ የሻፊዒይ ሐለቃዎች ይቀራል። በካይሮ አል-አዝሀር ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ ደረሳዎች ሪዋቅ አል-ጀበርት በሚባለው ማደሪያ በወቅፍ ቀለብ ሲማሩ ኖረዋል። የግብፁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባቶች የዚህ ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ፤ አባታቸው ሸይኽ ሐሰንም በሒሳብና በሥነ ፈለክ ዕውቀታቸው የታወቁ ነበሩ።

የኒዛሙል ሙልክ ጦር፣ ግዛትና ቤተሰባዊ ሹመት ከሞታቸው በኋላ ብዙ አልቆየም። ስማቸውን ለዘመናት ያቆየው በአንድ የባግዳድ ገበያ ላይ የታሰረው የሱቅ ኪራይ ነው። ሸይኽ አቡ ኢስሐቅ በመክፈቻው ቀን ያነሡት ጥያቄ መልስ አግኝቶ አልተዘጋም፤ ለዕውቀት ገንዘብ በሚቆረጥበት ሁሉ ሰጪውም ተቀባዩም እንደገና የሚጠየቁት ጥያቄ ነው። አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው።